አባ ሰንጋ

በሰርቦ አካባቢ፣ ሽበት ላወጣ ሰው
«አባ» የሚል ካባ ነው የምናለብሰው፤
አባ ዱራ አሉ፣ ከወፍጮ ቤቱ በላይ፣
አባ ፎጊ አሉ፣ ጊቤ ዳር፣ ረግረጉ ላይ።
አንድ «አባ» ደግሞ አለ፣ አጥር ያላጠረ፣
ስንት ዓመት ካፈር ሥር ተኝቶ የኖረ፤
ክረምት ሲያባንነው፣ ጎርፍ ሲገልጠው ልብሱን፣
ሳር መስሎ የሚገባ፣ ሳያንኳኳ ደጁን።
አባ ሰንጋ ይሉታል። ማን ነው ያከበረው?
በሽታን ከሰው መርጦ ሽማግሌ ያረገው?

እኔ የከብት ሐኪም ነኝ (ሐኪም ከተባለ)፣
በረዶው ከቀለጠ ሳጥን ጋር የዋለ፤
«ክትባቱ ከጅማ ሐሙስ ይመጣል» ሲሉኝ
ስንት ሐሙስ አለፈ፣ ስንት ሐሙስ አለፈኝ።

የሐምሌ ማክሰኞ፣ ዶፉ ሲያባራ ማታ
የነስሩ አባቦር በሬ ተንዘፈዘፈ ላፍታ፤
ጉልበቱ ታጠፈ፣ ዐይኑ ፈጠጠና፣
«ድረሱ ነፍስ ሳለው! ሐራም ሳይሆን ገና!»
በሬው የብድር ነው፣ ከቁጠባ ማኅበር፤
ቀንዱና ጅራቱ ብቻ የነስሩ ነበር።
ሸምሱ ቢላ አነሳ፣ ቢስሚላሂ ብሎ፣
እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ።

ደሙ ጥቁር ነበር።
አልረጋ አለ።
ያየ አይቶ ዝም አለ።

አሥራ ስምንት መደብ፣ በኮባ ቅጠል ላይ፤
የተገዛው የነስሩ ዕዳ ነው፣ ሥጋው አልነበር ጉዳይ።
ደግነት በኪሎ፣ ርኅራኄ በብልት፣
ጉበቱ ለአዴ ሉባባ፣ ጥርስ ለሌላት አሮጊት።

በማግስቱ ደረስኩ፣ ሞተሬን ጭቃ አስሮት።
«ቅበሩት» ልል ነበር፤ ምኑ ቀርቶ ይቀበር?
እያንዳንዱ ሆድ ጉድጓድ ሆኖ ነበር።
ቆዳው ብቻ አጥሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣
ልጆች ሥሩ ሲሯሯጡ፣ ማን ምን አወቀ።

አዎ፣ ተናግሬአለሁ፤ ግን በለሰለሰ ቃል፤
ሰው ደግ በሆነ ማግስት ማን «መርዝ» ብሎ ያወራል?
ለኔም አንድ መደብ ተቀምጦልኝ ኖሯል።
ተቀበልኩ። አመሰገንኩ።
ሌሊት ጓሮ ወስጄ
ኖራ ነስንሼ ቀበርኩት፣ እንደ ሌባ፣
የኔን ብቻ።

በአራተኛው ቀን የሸምሱን ክንድ በላው፤
ትንኝ መሰለው። ውሃ ቋጠረ። መሐሉ ጠቆረ።
አላመመውም፤ ስላላመመው ናቀው።

ከመንገዱ ማዶ፣ ጤና ኬላ ውስጥ፣ መፍቱሃ ጻፈች፦
«ወንድ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ክንዱ ላይ ጥቁር ቁስል።»
ከመንገዱ ወዲህ እኔ ጽፌ ነበር፦
«በሬ፣ ቀይ፣ ሰባት ዓመት፣ ሊሞት ሲል የታረደ።»
በሁለቱ መዝገብ መካከል
የአዲስ አበባ መኪና የሚበርበት አስፋልት፣
አሥራ ስምንት እርምጃ። ቆጥሬዋለሁ።
የሷ አለቃ ጤና፣ የኔ አለቃ ግብርና፤
ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላምታችን በእጅ ውልብታ ነው።

የተሻገረችው እሷ ናት፣ ያለ ጃንጥላ፣
መዝገቧን በሻሿ ሸፍና።
«በዚህ ሳምንት» አለችኝ «ምን ሞተብህ?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
መዝገቤን ገልጬ ከመዝገቧ ጎን አኖርኩ፤
አንዱ ያቋረጠውን ሌላው ቀጠለው፣
እንደ አንድ ሰው ደብዳቤ።

ሸምሱ በመርፌ ተረፈ፤ ክንዱ ላይ
ሳንቲም የምታህል ጠባሳ አለችው፣ ለልጆች ያሳያል።
አዴ ሉባባ በጁምዓ ዋዜማ አረፉ።
«ዕድሜ ነው» አሉ። ሊሆን ይችላል።
በሷም መዝገብ፣ በኔም መዝገብ፣
የሳቸው መስመር ባዶ ነው።

ደሙ የፈሰሰበትን በእሾህ አጥረነዋል።
ሳሩ እዚያ ካለው ሁሉ ለምለም ነው፤
የነስሩ አዲስ ጥጃ (እሱም የብድር)
አንገቱን በእሾሁ ላይ ያሰግጋል።

ዛሬ ሐሙስ ነው።
ሳጥኔን ከፍቼ አያለሁ።